ከመጋረጃ የተሰፋው የኮንሰርት ቀሚሴ

የልጅ ልጄ ሳራ አዲስ ቀሚስ ይዛ መጣችና ጠርዙን እንዳሳጥርላት ጭኔ ላይ ጣለችው። አየሁት፣ ድፍን ጥቁር ነው። ማን ሞተ ብዬ ክው አልኩ። እሷ እቴ፣ ሳቋ አልቻላትም፤ "ኧረ ዓባየይ፣ የኮንሰርት ነው" ትለኛለች። ዓባየይ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ ከትግርኛ የምታውቀው እሷኑ ቃል ብቻ ነው፣ እሷንም የምታወጣት ጉዳይ ሲኖራት ነው። አንድ ዘፋኝ አልበም ሊያወጣ፣ ከዚያም ኮንሰርት ሊያደርግ ነው እያለች ይኸው ሰሞኑን ስልኳን እንደ ዶሮ ታቅፋ ትውላለች። "አርብ ይወጣል" ስትለኝ "ማን አስሮት ነበር?" እላታለሁ፤ ትናደዳለች፣ እኔ ደስ ይለኛል።

ቀሚሱን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ግን ያ የአዲስ ጥቁር ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ጨዋታው ጠፋኝ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አስመራን ወታደር የሞላት ጊዜ። ቤታችን ጸጸራት ሰፈር ነበር፤ እናቴ፣ ወንድሜ ተስፋይና እኔ። ተስፋይ መደበር በሚሉት የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ነው የሚሠራው፣ ባዶ በርሜል እየቆረጠ እየቀጠቀጠ ድስትና ሳፋ ያወጣል፣ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ የዋለ እጁ ቤት ገብቶም አያርፍም፣ ራት እስኪቀርብ ትሪውን፣ ትሪው ሲነሳ ደግሞ የኔን ጭንቅላት በዘፈን ምት ይመታል። እዚያው መደበር አጠገብ አንድ ሻሂ ቤት ነበረ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ አዲስ ሸክላ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። ወንዶቹ አንዷን ብርጭቆ ሻሂ እስክትበርድ ይዘው ያዳምጣሉ፤ እኔ ከወፍጮ ቤት የተሸከምኩትን ዱቄት በሩ ላይ አውርጄ ደክሞኝ እንዳረፈ ሰው እቆማለሁ። እንደኔ የሚደክመው ሰው በከተማው አልነበረም። አማርኛዬም ከዚያ በር ላይ የተለቀመ ነው፤ ትምህርት ቤት ማን ይልከኛል፣ የተማረው ተስፋይ ነው፣ ያልገባኝን እሱን እጠይቃለሁ። አንድ የምንወደው ዘፋኝ "ሆዴ፣ ሆዴ" የሚለው ምን ፈልጎ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ኮስተር ብሎ "ሆድ ማለት ከብዲ ነው" አለኝ በትግርኛችን፣ ሌላም አልጨመረ። እኔ ሞኟ ሰውየውን ሆዱን ያመዋል ብዬ ስንት ቀን አዘንኩለት፤ እንዲያ እየታመመ መዝፈኑ ገርሞኝ ይባስ ወደድኩት።

ይኸው ሰው አስመራ ሊመጣ ነው ተባለ። ፌርማታው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ፎቶውን ለጠፉት፤ ማንበብ ስለማልችል ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ወረቀቱን በእጄ ዳበስ አድርጌ እሄዳለሁ፣ ፀሐይና የኔ እጅ ተባብረው መጨረሻ ላይ ጥርሱን ብቻ አስቀሩለት። ሰዓት እላፊ ስላለ ኮንሰርቱ በቀን ነው፣ ሰው ሳይመሽ እንዲገባ። እናቴን ለመንኳት፣ እግሯን አጠብኩ፣ ሳልታዘዝ ውኃ ቀዳሁ፣ እሷም ነገሩ ገብቷት ዝም ብላ ካሠራችኝ በኋላ "ከተስፋይ ጋር ከሆነ ሂጂ፤ ተስፋይ ከቀረ አንቺም ትቀሪያለሽ" አለችኝ።

ቀሚስ አልነበረኝም። እናቴ ልብስ የምታጥብላት ጣልያን ሲኞራ አሮጌ መጋረጃ ሰጥታት ነበር፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ብጫ፣ እሱን ቆርጣ በእጇ ሰፋችልኝ። ወፍራምነቱ፣ እኔ ስቀመጥ እሱ እንደቆመ ነው። ለብሼው ስሽከረከር ተስፋይ በሩን ተደግፎ አየኝና "አዳራሹ ውስጥ መስኮት አጠገብ እንዳትቆሚ፣ ሰው ገልጦሽ ውጪውን ያያል" አለ።

"አንተም ፊትህን ታጠብ፣ ድስት መጣ ብለው እሳት ላይ እንዳይጥዱህ" አልኩት።

እናቴ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ሳቀች። ሦስታችንም እንዲያ የሳቅንበት ሌላ ቀን ቢኖርም አላስታውሰውም።

ለኮንሰርቱ አንድ ቀን ሲቀረው ተስፋይ እንደልማዱ መደበር ሄደ። ከቀትር በኋላ ከዚያ ወገን ተኩስ ተሰማ፣ ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ዘጋ። አንድ ወታደር ተገድሎ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ ላይ ተኮሱ አሉ። ተስፋይን በርሜል በሚያመላልስበት በዚያው ጋሪ አመጡልን። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ "ከብደይ፣ ከብደይ" ስትል ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ያ ዘፋኝ ምኑን እንዳመመው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሴቶቹ ልብሳችንን ሰብስበው ለሐዘን ጥቁር ሊነክሩ ቀለም አፈሉ። የፈላበትን ድስት የሠራው ተስፋይ ነው፣ ከቤታችን ዕቃ ሌላ የሚበቃ አልነበረም። እናቴ ተነስታ ብጫ ቀሚሴን ከምስማሩ ላይ አወረደችው። ጎረቤታችን እጇን ያዘችና "ይቺንስ ተያት እህቴ፣ ልጅቷ ገና ለብሳት ከቤት አልወጣችም" አለቻት።

"ከተስፋይ ጋር ነው ያልኳት" አለችና ከተተችው።

ማማሰያውን እኔ ያዝኩ። ብጫው አልጠልቅ እያለ ብቅ ይላል፣ እደፍቀዋለሁ፣ ደግሞ ብቅ ይላል፣ እንፋሎቱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እንባዬ በለቅሶ ይሁን በእንፋሎቱ አላወቅሁም። በማግስቱ ቀበርነው። ኮንሰርቱ ግን አልቀረም። እኔ ገና ያልደረቀ ቀሚስ ለብሼ፣ ቀለሙ በባቴ እየወረደ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ወደ ኮንሰርቱ የሚሄዱ የሰፈራችን ልጆች በደጃችን ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው በጣታቸው ጫፍ ሲያልፉ አየኋቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር አሉ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት መኮንኖች ናቸው አሉ።

የመጋረጃ ጨርቅ ቀለም አይዝም ለካ። በታጠበ ቁጥር ክርኑ ላይ፣ ብብቱ ሥር ብጫው ይመለሳል። ዓመቱ ሳይሞላ እናቴ አየችውና ድስቱን ጣደች። ከዚያ በኋላማ የተስፋይ ሐዘን ሳይወጣ የጎረቤታችን ልጅ ተገደለ፣ የአክስቴ ልጅ በረሃ ወርዶ ቀረ፣ መንገዱም አውቶቡሱም አላስተማምን ብሎ አዲስ ሸክላ መምጣቱ ቆመ፣ የሻሂ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ከደጁ ተወስዶ በሩ እንደተዘጋ ቀረ፤ ያቺ ቀሚስ ደግሞ ብጫዋ ብቅ ሲል እየተነከረች፣ ብቅ ሲል እየተነከረች ያልደረሰችበት ለቅሶ የለም። ለዘፈን የተሰፋች ነበረች፣ አንድ ዘፈን ሳትሰማ አለቀች።

የሳራን ቀሚስ ጠርዝ ፈትቼ ውስጡን ገለጥኩት። ውስጡም ጥቁር ነው። የኔዋ በእጥፋቷ ውስጥ፣ ቀለሙ ያልደረሰባት አንዲት ክር የምታህል ቦታ፣ እስከ መጨረሻው ብጫ ነበረች።

"ዓባየይ፣ ለምን አብረን አንሄድም? ትኬት እቆርጥልሻለሁ" አለችኝ ሳራ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

"እናቴ አትፈቅድልኝም" አልኳት።

ሳቀች። ቀልዴን መሰላት።