አልቆም ያለ ደም

አባቴ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ቢሮ እሠራለሁ፤ መንገድ ሲገኝ እሄዳለሁ፣ ሲዘጋ እቀራለሁ።

በዚያ ክረምት መኪና አግኝቼ ሄድኩ። በማግስቱ መንገዱ እንደገና መዘጋቱን ሰማን። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለመቋሚያ የሚሆን የወይራ በትር በቢላዋ ይልጡ ነበር። ቢላዋው አንጓው ላይ አዳለጠና የግራ አውራ ጣታቸውን ሥር ቆረጣቸው። የገብስ ፍሬ የምታህል ቁስል ናት።

«ምንም አይደል፤ ጭረት ናት» አሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

እኔም አልደነገጥኩም። መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስጃለሁ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና አጠብኩላቸው፤ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፌ ቁስሉን ጫን አድርጌ ያዝኩ፤ ክንዳቸውን ከልባቸው ከፍ አደረግኩ። ቶሎ ቶሎ ገልጦ ማየት እንደማይገባ ተምሬያለሁ፤ አላስቻለኝም፣ ገለጥኩት። ደሙ ወዲያው ሞላና በእጄ ላይ ወረደ።

ጎረቤታችን የቡና ዱቄት በጭብጧ ይዛ መጣች።

«ነስንሺበት፣ ያደርቀዋል።»

«አይሆንም እትዬ፣ ያመረቅዛል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ሌላ ጨርቅ ደረብኩበት። እሱም ደም ሲጠጣ ነው የልባቸው መድኃኒት ትዝ ያለኝ። ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም ያዘዘላቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ነው። ማታ ማታ እንዳይረሱት በስልክ የማስታውሳቸው እኔው ነኝ።

ጎረቤታችን ወደ ጤና ኬላው ሮጣ ተመለሰች። ተቆልፏል። ስልኬን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። ባጃጅ በዚያ ጭቃ አይታሰብም። ከመጫን በቀር የማደርገው አልቀረም፤ ለእሱም እጄ እየዛለ ነበር። ጎረቤታችን ስትቀበለኝ እኔ የአባቴን ፊት አያለሁ።

«አይዞሽ፤» አሉኝ «እንደ ተማሪዎቼ ነው፣ ቁም ሲሉት አይሰማም።»

ልስቅላቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ከንፈራቸው ነጣ። ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ መድገም ጀመሩ፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ሲጠፋ የእኔም ትንፋሽ ይቆማል፣ ሲመለስ አብሬ እተነፍሳለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደሙ ቀጥ አለ። እኔ ያቆምኩት ይሁን፣ ራሱ ደክሞት ይቁም፣ አላውቅም።

ሲነጋ በጎረቤት በቅሎ ቁይ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሱ ቁስሉን አጽድቶ አሰረላቸው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋቸው። ስለ ኪኒኑ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ደማቸው መቼ ነው የተመረመረው? መጠኑ በዝቶባቸው ይሆናል።»

«መንገዱ እየተዘጋ ወራት አለፉ። ለጊዜው ይተዉት?»

«መተውም ያሰጋል፤ ደሙ ልባቸው ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እዚህ መመርመሪያው የለንም። ማርቆስ ያለው ሐኪም ነው የሚወስነው።»

«መኪና የለም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

መኪና እስኪገኝ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ ማርቆስ አደረስኳቸው፤ ተመርምረው መጠኑ ተቀነሰላቸው። እስከዚያው ግን ከጎናቸው አልራቅሁም። ዳቦ የምቆርስላቸው እኔ፣ ጥፍራቸውን የምከረክምላቸው እኔ ነበርኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ ከመንገዱ ላይ እሾህ አነሳ ነበር።

አንድ ጠዋት ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ የጎጃምን እሾህ ሁሉ ለቅመሽ ልትጨርሺ ነው?»

«ሌላ ምን ላድርግ፣ አባባ?»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ቀስ ብለን መንገዳችንን ቀጠልን።