የአባ አንዲት ቃል

ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ልብስ የሚሰፋው ሰይድ የልብ ወዳጄ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ሱቁ በሄድኩ ቁጥር የደብራችንን ቄስ ሳላማቸው አልወጣም። «ስብከታቸው ወገብ ይቆርጣል፤ ጀምረው መጨረስ አያውቁም» እላለሁ። ሰይድ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰማኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአፉ አመለጠውና፣ «እውነትህን ነው፤ ያስረዝማሉ» አለኝ።

ደሜ ፈላ! «አንተ ማን ነህና አባታችንን ትናገራለህ?» ብዬ በማግስቱ ለነበረው የእህቴ ልጅ ሰርግ ይሰፋልኝ የነበረውን ሱሪ ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ። ሱሪው ገና አንድ እግሩ ብቻ ነበር የተሰፋው።

መንገድ ላይ ራሳቸውን አባን አገኘኋቸው። ምርቃት እየጠበቅሁ፣ እንዴት እንደተቆጣሁላቸው ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ምን ዋሸ ልጄ? እኔም አውቀዋለሁ። ሱቁን ሳይዘጋ ቶሎ ተመለስና ይቅርታ ጠይቀው።»

«እሺ አባ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ልሄድ ስል እጄን ያዝ አደረጉ።

«ብቻ ስለ ይቅርታ አንዲት ቃል ልንገርህ።»

አንዲቷ ቃል እስክታልቅ፣ ከጉና ተራራ በሚወርደው ንፋስ እየተንቀጠቀጥኩ ባለ አንድ እግር ሱሪዬን ታቅፌ ቆምኩ። ስደርስ ሰይድ ሱቁን ቆልፎ ሄዷል።