ሮተሩና የሰይድ ጆንያ

«ዝም ብትዪ ኖሮ ሁለተኛ ሙከራ ይሰጡኝ ነበር።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ ኢንጂነር ግርማ ናቸው። ቦታው ዐረብ አገር፣ ከአል ዓይን ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የወረቀት ፋብሪካ ግቢ ነው። ጊዜው የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ቆዳ በሚልጥበት ሰሞን ነው። እኔ ለሰው መልስ አጥቼ አላውቅም፤ አስተማሪዎቼም ማዳሜም የተማረሩብኝ በዚሁ ነው።  እዚያ አገር ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ ይሄኛው ግን አልለቀቀኝም።

ዐረብ አገር የሄድኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። የገባሁት አቡ ዳቢ ዳርቻ፣ አል ሻምኻ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ቤት ነው። ካፊሌ፣ ቪዛ ያወጣልኝ አሠሪዬ፣ ከተማው መሃል አል ኻሊዲያ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ቢሮ ነበረው። የቤቱን ሥራ ስጨርስ ሾፌሩ አንዳንድ ቀን እዚያ ይወስደኛል፤ ቢሮውን እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ።

ኢንጂነር ግርማን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። ከሃምሳ ያለፉ፣ ውጭ ተምረው ውጭ የቀሩ አበሻ ናቸው። በቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ሥዕል ተዘርግቶ አያለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆ ሳነሳ አላስችል አለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው? ቬንትሌተር ነው?»

«ወረቀት የሚያቦካ ሮተር ነው።»

«ወረቀት ደግሞ ለምን ይቦካል?»

«አንቺ ልጅ ጥያቄሽ ከስኳርሽ ይበዛል» ብለው ሳቁ። ግን አስረዱኝ። አሮጌ ወረቀት ውሃ የሞላበት ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይጨመራል። ከጋኑ ሥር ሮተሩ ይሽከረከራል። ወረቀቱ እንደ አጥሚት ይሆንና አዲስ ወረቀት ይሠራበታል።

ችግሩ ሽቦው ነው። ወረቀቱ ፋብሪካ የሚመጣው በሽቦ ታስሮ ነው። የፋብሪካው አሮጌ ሮተር ስለት ስላለው ሽቦውንም አብሮ ይከታትፈዋል፤ ስብርባሪው እያለፈ ሌሎቹን ማሽኖች ያበላሻል። የኢንጂነር ሮተር ስለት የለውም። ክንፎቹ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዙ ናቸው። ውሃውን እያሽከረከሩ ወረቀቱን እርስ በርሱ ያሻሹታል። ሽቦው ሳይቆረጥ እንዳለ ይገባና ጋኑ ውስጥ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ እየተጠመጠመ እንደ ረጅም ጭራ ይወጣል። «የእኔ መሣሪያ ይፈታል እንጂ አይቆርጥም» ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤት ቴክኒካል ድሮዊንግ ተምሬያለሁ አልኳቸው። እርሳስ ሰጡኝ። የሣልኩትን አዩና «ይሄ ክንፍ ነው ወይስ የተጣመመ ማንኪያ?» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ስለተናደድኩም ተማርኩ። እየቆየ የክንፎቹን ልክ ከካርቶን መቁረጥ ለእኔ ተተወ። በትንሹ አሠርተው በፕላስቲክ በርሜል ሲሞክሩት ጋዜጣ እየቀደድኩ የምጨምረው እኔ ነበርኩ። የክንፉ መጠማዘዝ ሲበዛ ውሃው አረፋ ያወጣል፤ ሲያንስ ወረቀቱ ሳይፈታ ይዞራል። ልኩ የተገኘ ቀን ኢንጂነር ሻያቸውን ራሳቸው ቀድተው ጠጡ፣ ለእኔም ቀዱልኝ።

በዚያው ሰሞን ካፊሉን አነጋገሩልኝ። ካፊሌ ክፉ ሰው አልነበረም። «ፋብሪካው ማሽኑን ከተቀበለ ቪዛዋን ከቤት ሠራተኛ ወደ ቢሮ አዞረዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የማዳምን ወለል የምወለውለው እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሮተሩ በትልቁ ተሠርቶ ፋብሪካው ጋን ውስጥ ተገጠመ። ለሙከራው ቀን በካፊሉ መኪና ሦስታችን ወደ አል ዓይን ሄድን። እኔ የተወሰድኩት ሻይና ውሃ ለማቅረብ ተብሎ ነው። ኢንጂነር ግን ከኋላ ወንበር እንድሰማ በአማርኛ «ዛሬ የእጅሽን ሥራ ታዪያለሽ» አሉ።

እነሱ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ቢሮ ሲቀመጡ እኔ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ወረቀቱን የሚጭነው ሰይድ የሚባል ወሎዬ ነበር፤ ዛኸር በሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚኖረው። አማርኛዬን ሲሰማ ደስ አለው።

«ኧረ የአገሬ ልጅ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ይሄን ማሽን የሣልነው እኛ ነን» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ወላሂ? በይ አብሽሪ፣ ዛሬ እስኪያገሳ ነው የማበላው።»

አጠገቡ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ስለነበር የዚያን ቀኑ ወረቀት የተማሪ ደብተርና መጽሐፍ ነው። ሰይድ እያንዳንዱን እስር በፒንሳ ፈትቶ የአላህ ስም ያለበትን ገጽ እየለየ ጆንያው ውስጥ ይከታል።

«የአላህ ስም እዚያ ጋን ውስጥ ሊላቁጥ ነው?» አለኝ። ሲሞላ ንጹሕ ቦታ እንደሚቀብረው ነገረኝ። አልገረመኝም። እኛም ቤት የመልአክ ሥዕል ያለበትን ካላንደር ዓመቱ ስላለቀ ብሎ የሚጥል የለም። ስለ ሽቦው ሳላስብ ቆሜ አወራሁት።

ማሽኑ ተነሳ። ውሃው ሳይጮህ ዞረ። ደብተሮቹ ተገለጡ፣ ተገለባበጡ፣ ሟሙ። ካፊሉ «ማሻአላህ» አለ። ኢንጂነር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጋኑን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ በልቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ።

ከዚያ ከጋኑ ሥር ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማን። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩ አቃሰተና ቆመ።

ውሃውን አፍስሰው ሲያዩ በክንፎቹና ከሥራቸው ባለው ወንፊት ብረት መሃል አጫጭር ሽቦ ተሰክቷል። ወንፊቱ ተቧጭሯል፤ አንዱ ክንፍ ጫፉ ታጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። «ይሄም ያው ሽቦ ቆራጭ ነው» አለ።

ኢንጂነር አንዱን ሽቦ አነሱ። ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። ሰይድን አዩ፤ አጠገቡ ያለውን ጆንያ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፒንሳ አዩ። ሽቦውን ኪሳቸው ከተቱና በዐረብኛ «ክንፎቹና ወንፊቱ መሃል ያለው ክፍተት ላይ ስህተት አለ፤ የእኔ ነው። አስተካክዬ ሌላ ቀን እንሞክር» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «እናያለን» አለ። ካፊሉም «ጠይብ» ብሎ ተስማማ።

ደሜ ፈላ። ሰው ባላጠፋው እንዴት ጥፋተኛ ነኝ ይላል?

«ኢንጂነር፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም! ሽቦውን የቆረጠው...»

«ዝም በይ፣ ትዕግሥት።»

ዝም አላልኩም። ወደ ካፊሉ ዞሬ በወጥ ቤት ዐረብኛዬ ዘረገፍኩት። ማሽኑ አልቆረጠም፣ ሰይድ እስሩን ሲፈታ አይቻለሁ፣ ፒንሳውም ኪሱ ውስጥ ነው አልኩ።

ሁሉም ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ መጀመሪያ ያናገረው እኔን ነው፣ በአማርኛ። «ለዛሬው ሙከራ ሽቦ አይውጣ ተብዬ ነበር፤ አላወጣሁም። እስሩን ፈትቼ የአላህን ስም አነሳሁ፤ ሽቦው እንዳይወጋኝ ቆራረጥኩትና መልሼ ከወረቀቱ ጋር ጨመርኩት። ምን አጠፋሁ፣ እህቴ?» ከዚያ ለእነሱ በዐረብኛ ደገመው፤ ጆንያውን አውርዶም ከፈተው።

ካፊሉ ከጆንያው አንድ ገጽ አወጣ። ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው፣ ቀስ ብሎ መለሰው። ከዚያ ሰይድን ግንባሩን ሳመው። ሥራ አስኪያጁ ያንን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም። «ከዛሬ ጀምሮ እስሩ ሁሉ እየተፈታ ይለይ» ብሎ ሠራተኞቹን አዘዘ።

ካፊሉ ወደ ኢንጂነር ዞረ። «ማሽንህ እንዲህ የተቆረጠ ሽቦ ካልቻለ ኸላስ፣ አበቃ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ኢንጂነር ወደ ግቢው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። እዚያ ነው ያን ያሉኝ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ሁለተኛ ሙከራ ይሰጡኝ ነበር። ሌላ ቀን ስም የሌለበት፣ እስሩ የማይፈታ ካርቶን ብቻ አስጭኜ አሳያቸው ነበር። ማሽኑ አንዴ ከገባ በኋላ የቀረውን ቀስ እያልኩ አስተካክላለሁ። አሁን ግን ሁሉም አወቀ። እዚህ አገር ሰይድን ተው የሚለው የለም። እኔም አልለውም፤ ምን ብዬ? ሮተሬ ደግሞ የተቆረጠ ሽቦ አይችልም፤ ሽቦው ተለቅሞ ከወጣማ አሮጌው ይበቃቸዋል።»

ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። 

«ስምሽን ትዕግሥት ያለሽ ሰው አያውቅሽም» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ሽቦ አውጥተው አሸዋው ላይ ጣሉት። እዚያ ቢሮ የተቀጠሩት ለዚህ ሥራ ብቻ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብተው ከፊት ተቀመጡ።

ካፊሉ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። «ከነገ ጀምሮ ቢሮ የለም። ማዳም ቤት ትፈልግሻለች» አለኝና አለፈ።

የመኪናውን በር ስከፍት ሰይድ እየሮጠ ደረሰ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ካላለቁ ደብተሮች የገነጠላቸውን ንጹሕ ወረቀቶች በሁለት እጁ ይዟል።

«ይኸው፣ ባዶ ናቸው። ምንም ስም የለባቸውም። ሣዪባቸው፣ እህቴ።»

«ስም ከሌለባቸው ጋኑ ውስጥ ጨምራቸው» አልኩትና ገብቼ በሩን ዘጋሁት።