በእጄ የሠራሁት ቃሬዛ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ብረት ስቆርጥ ድንገት እጄ ቀጥ ይላል። ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ያ ፍርሃት ስለተመለሰብኝ ነው።

ንፋስ መውጫ ውስጥ በብየዳ የምተዳደር ሰው ነኝ። አያቴም አባቴም ቀጥቃጮች ነበሩ። የጋይንት ገበሬ አያቴ በሠራለት ማረሻ አርሶ በልቷል፤ አያቴን ግን "ቡዳ ነው" እያለ ከማዕዱ አርቆታል። ከተማ ገብቼ የብየዳ ማሽን ስይዝ ይሄ ነገር የቀረ መስሎኝ ነበር። ምን ይቀራል! አስፋልቱ ዳር፣ ላይ ሰፈር፣ ቤት ልከራይ ሄድኩ። አከራይዋ እሺ ካሉኝ በኋላ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። በማግስቱ "ለዘመድ ሰጠሁት" አሉ። ስለዚህ ከጅረቱ ማዶ፣ ታች ሰፈር፣ ከሸማኔዎቹና ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ገባን። መሻገሪያው እንጨት ነው፤ ባጃጅ አያልፍበትም።

የላይ ሰፈር ዕድር የብረት ቃሬዛ ያሠራው እኔ ዘንድ ነው። ሕመምተኛም አስከሬንም ይሸከሙበታል። ትከሻ እንዳይቆርጥ ብዬ መያዣውን ሞርጄ ሞርጄ ነው ያስረከብኩት። በዚያው የዕድሩ አባል ልሁን ብዬ ጠየቅሁ። ዳኛው ጋሽ ደምሌ "እንመካከርበታለን" አሉኝ።

ሚስቴን እናኑን ምጥ የጀመራት ጠዋት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። የጎረቤት ሴቶች "ማርያም ማርያም" እያሉ ቆዩ። ረፋዱ ላይ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ጥሩ ወጡና "ደሙ በዝቷል፤ ምን ቆመሃል፣ ሐኪም ቤት አድርሳት!" አሉኝ። አምቡላንስ ደወልኩ። ገጠር ወጥቷል ተባልኩ።

ሮጬ ጋሽ ደምሌ ቤት ደረስኩ። ቃሬዛው ግድግዳቸውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ።

"ጋሼ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። ቃሬዛውን ይስጡኝ።"

"ልጄ፣ የኔ ቢሆን ምን ቸገረኝ። የአባላት ንብረት ነው። ቆይ እስቲ ለጸሐፊው ልደውል።"

ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ከውስጥ ባለቤታቸው "እነሱን ተሸክመውበት ነገ የኛ ሰው ሊተኛበት ነው?" ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።

"እኔ በእጄ የሠራሁት እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"እሱማ ነው" አሉ ጋሽ ደምሌ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ። "እጅህ ይባረክ።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በእመቤቴ ብዬ ለመንኳቸው። "ኧረ ተነስ፣ ነውር ነው" እያሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ጥያቸው ሮጥኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለምን ነጥቄ አልወሰድኩትም? ምን እስኪሉኝ ነው የቆምኩት?

ቤት ስደርስ የቆርቆሮ በሬን ከማጠፊያው ገንጥዬ አወጣሁት። እናኑን በጋቢ ጠቅልለን በሩ ላይ አስተኛናትና አራት ሆነን ተሸከምናት። እኛ አገር መንገደኛ ሕመምተኛ የተሸከመ ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ትከሻውን ያበድራል። ጅረቱን እንደተሻገርን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ጎልማሳና አንድ ቄስ ሮጠው ገቡልን።

"የማን ሚስት ናት?" አለ ጎልማሳው።

"የብየዳው" አለው ሸማኔው ጎረቤቴ።

ሰውዬው ትከሻውን ከበሩ ሥር አወጣ። በሩ አዘመመ፤ እናኑ ተንሸራታ ጭቃው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዴ ደገፍኳት። ቄሱ ግን አልለቀቁም። "እርምጃህን ከኔ ጋር አድርግ ልጄ" ብቻ አሉኝና እስከ አስፋልቱ ተሸከሙልን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በባጃጅ ደረስን። እናኑን አተረፉልኝ። ልጄ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ነርሷ "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ" አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ጎረቤቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ገባ። ሌላ ምን ይበል? እናኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩን ገና አልመለስኩትም ነበርና ብርዱ ቀጥታ ይገባል።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ደምሌ ቃሬዛውን ሁለት ሰው አሸክመው ብየዳ ቤቴ መጡ። የቃሬዛው አንድ እግር ተሰብሯል። "ሰማሁ፤ እግዜር ያጽናህ" አሉኝ። ብረቱን ልወረውርባቸው ነበር። ግን እኮ የሌላ ሰው ሚስት ትተኛበታለች። አጥብቄ በየድኩት። ስንት ልክፈል ሲሉኝ "ገንዘብ አልፈልግም። ቃሬዛው መሻገሪያው ዳር ይቀመጥና የቸገረው ሁሉ ያንሳው" አልኳቸው።

"እንመካከርበታለን" አሉኝ።

እናኑ ዳግም ፀንሳ አሁን ሰባተኛ ወሯ ነው። ክረምቱም ገብቷል። ወደ ሥራ ስሄድ በጋሽ ደምሌ በር አልፋለሁ፤ ቃሬዛው እዚያው ቆሟል። ለራሴ ልሠራ ብረት ቆርጬም ነበር፤ እናኑ "ሟርት አታምጣብኝ" ብላ አልቅሳ አስተወችኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም እፈራለሁ። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የቤታችንን በር ማጠፊያ ቀይሬዋለሁ፤ ወደ ላይ ብድግ ሲያደርጉት በሩ ወዲያው ይወጣል። እሷ አታውቅም።