ቲቸር ፈቀደ ለቀቁት የተባለው ፈተና

ሰበታ ውስጥ ፈቀደን የማያውቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ስልክ የለውም ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው፤ እሱ እንግሊዝኛ፣ እኔ ባዮሎጂ። ዛሬ ሰዉ «ፈተና አወጣ» እያለ ሲያማው ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አንድ መጽሐፍ ለሦስት በሚካፈሉበት ክፍል ምን ያድርግ? ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተላቸው። ምንባቡን ራሱ ይጽፋል፣ በራሱ ድምፅ አንብቦ ይለቃል። የፈረንጅ አገር ታሪክ አይደለም፤ ዓለም ገና ላይ ለታክሲ ስለሚጋፉ ሰዎች፣ ስለ ፉሪ ጭቃ፣ ሆለታ አበባ እርሻ ስለምትሠራ ልጅ ነው። የሚቀዳው መምህራን ክፍል ስለሆነ የእኔ ሳል ሳይቀር ይሰማል። ሳልሽ ታዋቂ ሆነ እያለ ይቀልድብኛል። ምሳውን ትቶ ለጻፈለት ተማሪ ሁሉ ሲመልስ ግን ያናድደኝ ነበር፤ አንተ ሰውዬ ሆድ የለህም ወይ እለዋለሁ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚሳሳው ለጂቱ ነበር። ጂቱ የኦቦ ነገሳ ልጅ ናት፤ አባቷ ከከተማው ወጣ ብለው ያርሳሉ። ቤታቸው ኔትወርክ ስለማይገባ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆማ ታወርድና እቤቷ ስትሄድ ታዳምጣለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነርስ ከመሆን ሌላ ነገር አይታያትም። እንግሊዝኛዋ መጀመሪያ ላይ የማይሆን ነበር፤ በዚያ ቻናል ነው የተቃናላት።

ሰኔ ላይ ፈቀደ ፈታኝ ሆኖ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ከመሄዱ በፊት ራሱ ያዘጋጀውን ፈተና ከነመልሱ ለቀቀ፤ አናቱ ላይም መለማመጃ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ማን እንደሆነ እግዜር ይይለት፣ አንዱ አናቱን ቆርጦ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው በየግሩፑ በተናቸው። ቲቸር ፈቀደ ፈታኝ ስለሆኑ ዋናውን አይተው ለተማሪዎቻቸው ላኩ ተባለ። ወሬው ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ ዘለቀ። ፈታኞች ስልካቸውን አስረክበው ስለሚገቡ እሱ ምንም አያውቅም። ብደውል ዝግ ነው። ዝም ማለቱን ደግሞ ልጆቹ እንደ ማረጋገጫ ቆጠሩት። ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ ሳይሳፈሩ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች ሁሉ ውሸት ነው ብል፣ እርስዎ የባዮሎጂ ነዎት፣ በምን ያውቃሉ አሉኝ።

መስከረም ላይ ውጤት ሲመጣ ጂቱ ወድቃለች፤ እንግሊዝኛው ነው ጎትቶ የጣላት። ፈቀደ ክው አለ። ምን አጉድዬባት ነው እያለ ሲብሰለሰል ሰንብቶ፣ አንድ ቀን የውጤት ወረቀቷን ልትወስድ ስትመጣ መምህራን ክፍል ጠራት። እኔም ነበርኩ። አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረችው። ትምህርት ተዘግቶ ወደ አጥሩ መምጣት ስላቆመች ቻናሉን አላየችም፤ ያ አናቱ የተቆረጠው ከጓደኛዋ ስልክ ከደረሳት በኋላ ማንበቡን ትታ፣ የመልሶቹን ፊደል ብቻ በተራ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛለች። ፈተናው ሌላ ሆኖ ሲመጣ የምታውቀውም ጠፋባት።

«ወሬ ይሆናል ብለሽ አልጠረጠርሽም?» አላት ፈቀደ።

«ምንባቡ የእርስዎ ነዋ» አለች። «ሳነበው ድምፅዎ ይሰማኝ ነበር። ከሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር።»

ፈቀደ ስልኩን አውጥቶ ከነአናቱ የለቀቀውን አሳያት፤ ዋናውን ፈተና ከተፈታኞቹ ቀድሞ በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ፣ ቢያይም እንደማይልክ ቀስ ብሎ አስረዳት። እሷም እሺ፣ እሺ እያለች ሰማችው። ዘንድሮ በግል ደግማ እንደምትፈተን ስትነግረን ደስ አለኝ፤ ገብቷታል ብዬ።

በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። እኔን በጎን አየት አድርጋ ወደ እሱ ጠጋ አለች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ ዘንድሮ ለማንም አላሳይም። ለእኔ ብቻ ይላኩልኝ።»