ላሟን ያላሰርኳት እኔ ነበርኩ

አጎቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ ክለብ በረኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲጎዳ ኳስ አቁመው ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። ስለዚያ ዘመን ስንጠይቃቸው ያዳኑትን ኳስ አያወሩም፤ የገባባቸውን ነበር የሚያነሱት። ተከላካዩ የተሳሳተበትን ግብ እንኳ "ጥፋቱ የኔ ነው" ይሉ ነበር።

ተማሪ እያለሁ አንድ ጠዋት ላማችንን ሳላስር ሄድኩ፤ ጎረቤታችን ጓሮ ገብታ እንሰታቸውን አወደመችው። ሽማግሌ ተቀመጠ። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ "ሳላስራት የሄድኩት እኔ ነኝ" ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት በአጎቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እኚሁ ጎረቤት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ሰውዬው ኳስ መያዝ እንጂ ላም ማሰር አያውቁም ነበር" አሉ። ሰው ሳቀ። የአጎቴን ባዶ ወንበር እያየሁ እኔም አብሬ ሳቅኩ።