መርፌ የማይነካው ልብስ

ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ሁለት ነጭ ጨርቅ ታቅፈው ገቡ። የኮታቸው ቁልፎች ተዛንፈው ስለተቆለፉ አንደኛው ትከሻቸው ሽቅብ ተሰቅሏል።

ልብስ ሰፊው ጨርቁን ዳሰሰና ሳቀ። "አባባ፣ ይሄማ እንጀራዬን የሚዘጋ ልብስ ነው! የሐጅ ልብስ እኮ መርፌ አይነካውም።"

"እሱንስ አውቃለሁ ልጄ። አለባበሱን እንድታሳየኝ ብዬ ነው።"

አንዱን ጨርቅ ከወገባቸው አሸረጠላቸው፤ ሌላውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። ፈቀቅ ከማለታቸው ሽርጡ ተፈታ። ደግሞ አሰረላቸው፤ ደግሞ ወረደ። ሊይዙት ይሞክራሉ፣ እጃቸው ግን እየተንቀጠቀጠ አልታዘዝ አላቸው።

"እዚያስ ማን ያለብስዎታል?" አላቸው ልብስ ሰፊው።

"ባለቤቴ ነበረቻ። አብረን ነው የተመዘገብነው።"

የወደቀውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉና እዚያው ቆዩ።

"ሲገንዟት አይቻለሁ" አሉ ጨርቁን እያዩ። "የእሷም እንደዚሁ ነጭ ነው፤ የእሷም ስፌት የለውም። ግን ላይዋ ላይ ቋጠሩት፤ አልወረደም።"

ልብስ ሰፊው ደረቱ ላይ የሰካትን መርፌ ነቀለ። ትንሽ አያትና እዚያው ቦታዋ ላይ መልሶ ሰካት።